ለሞዴል አውሮፕላን ሞተር የቱ ነዳጅ ይሻላል? ከናይትሮው በፊት ዘይቱን እይ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ 7.5 ሲሲ ቱ ስትሮክ ግሎው ሞተር ገዝቼ በመለማመጃ አውሮፕላን ላይ ገጥሜዋለሁ። ነዳጅ ልገዛ ስል ግን ግራ ገባኝ። አንዱ ጓደኛዬ 5 በመቶ ናይትሮ ይበቃሃል አለኝ። ሌላው ከ25 በመቶ ካነሰ ጉልበት የለውም ይላል። አንድ የቆዩ አብራሪ ደግሞ የጉሎ ዘይት የሌለበትን ነዳጅ እንዳትነካ ብለው አስጠነቀቁኝ። ቤንዚን ብጨምርበትስ? ዋጋው ስለሚቀንስልኝ ነው። ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የተከፈተ ግማሽ ጀሪካን ነዳጅ መርቆልኛል። እሱን ብጠቀምበት ችግር አለው?»

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። 10 በመቶ ናይትሮ ያለበት፣ ጠቅላላ ዘይቱ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ፣ ከዘይቱም የተወሰነው የጉሎ ዘይት የሆነ ለአውሮፕላን የተዘጋጀ የግሎው ነዳጅ ግዛ። የግሎው ነዳጅ ማለት ሜታኖል የሚባል አልኮል፣ ዘይትና ጉልበት የሚጨምረው ናይትሮ (ናይትሮሜቴን) የተቀላቀሉበት ነው። 5 በመቶውን ብቻ ካገኘህ አትጨነቅ፣ በሱም ደህና ትበራለህ። 25 በመቶውን ተወው። ቤንዚን በጭራሽ። የተመረቀልህን ጀሪካን ደግሞ ወደ ሞተሩ አታስጠጋው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። ምክንያቱን ከያዝክ ነገ ሌላ ሞተር ብትገዛ ማንንም ሳትጠይቅ ትመርጣለህ። ልብ ካልከው ሁለቱ ጓደኞችህ የተከራከሩት በናይትሮ ነው። ሁሉም ሰው የሚከራከረው በሱ ነው፤ ጀሪካኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውም እሱ ነው። እኔ ግን ጀሪካን ሳነሳ መጀመሪያ የምፈልገው በትንሹ የተጻፈውን የዘይት መጠን ነው። ናይትሮው ቢበዛ ወይም ቢያንስ በመርፌው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ በምታበዛበትና በምታሳንስበት ብሎን) እና በፕላግ ታስተካክለዋለህ። ዘይቱ ሲያንስ ግን የምታስተካክለው ነገር የለም፤ ሞተሩ ተበልቶ ያልቃል።

ከቤንዚኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየናል። የግሎው ሞተር እንደ መኪና ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። በሲሊንደሩ ራስ ላይ የምታጠብቀው ግሎው ፕላግ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቅልል ሽቦ አለ። ሽቦው ፕላቲነም ያለበት ቅይጥ ነው። ስታስነሳ 1.5 ቮልት ገደማ በሚሰጥ ባትሪ ታግለዋለህ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን ትነቅላለህ፤ ሽቦው ግን እንደቀላ ይቆያል። የሜታኖል እንፋሎት ፕላቲነምን ሲነካ በራሱ ሙቀት የሚሰጥ ግብረ መልስ ይፈጠራል። ይህ ሙቀት ካለፈው ቃጠሎ ከተረፈውና ከእመቃው (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው) ከሚመጣው ሙቀት ጋር ተደምሮ ሽቦውን ለሚቀጥለው ዙር ያደርሰዋል። ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ይህን ፕላግ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሞዴል አብራሪዎች ባትሪ፣ ኮይልና ኮንደንሰር ተሸክሞ ከመብረር ተገላገሉ። ዛሬ አንተ የያዝከው ሞተር ቀላልና ትንሽ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው።

ቤንዚን ከፕላቲነሙ ጋር እንዲህ አይግባባም። ባትሪውን ስትነቅል ሞተሩ ይጠፋል። ካርቡራቶሩም የተለካው ለሜታኖል ነው። ሜታኖል ለማቃጠል ለአንድ ግራም ነዳጅ 6.5 ግራም ገደማ አየር ይበቃል፤ ቤንዚን ግን 14.7 ግራም ይፈልጋል። ስለዚህ ያንተ ሞተር ለተመሳሳይ አየር በቤንዚን ከሚሠራው ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ነው የሚጠጣው። መንገዱ ሁሉ ለዚያ ተብሎ ሰፍቷል። ሌላም አለ። የጉሎ ዘይት በሜታኖል ውስጥ በደንብ ይሟሟል፣ በቤንዚን ውስጥ ግን አይሆንለትም። ታንክህ ውስጥ ያለው የሲሊኮን ቱቦም ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይለሰልሳል። «ትንሽ ብቻ ልጨምር» የሚለው ሐሳብም ከዚህ አያመልጥም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዘይቱ። ቱ ስትሮክ ሞተርህ ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የለውም። የሚለሰልሰው ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ በሚመጣው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ከክራንኩ ቤት ይገባል፣ ኩሽኔታውን ይነካል፣ የማገናኛ ዘንጉን ታችኛ ጫፍ ያረጥባል፣ ከፒስተኑ ጎን ያልፋል፣ ከዚያ አብዛኛው ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ይወጣል። በረራ ጨርሰህ አውሮፕላኑን ስታነሳ እጅህን የሚያቀባህ እሱ ነው። ብክነት እንዳይመስልህ። ሲወጣ ሙቀት ይዞ ነው የሚወጣው።

አንዳንዱ «የቤንዚን ሞተር በ3 በመቶ ዘይት ይሠራ የለ፣ የኔ ለምን 20 ይፈልጋል?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የቤንዚኑ ሞተር የማገናኛ ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ እንደ መርፌ በቀጠኑ ዘንጎች በተሠራ ኩሽኔታ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ያንተው ግን ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራ ተራ ቀለበት ነው ያለው፣ ወይም ራሱ አሉሚኒየሙ ነው። ብረት ከብረት ጋር የሚለያየው በዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይ እየዞረ ነው።

አንድ ያየሁትን ላሳይህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሞተሩን ይዞልኝ መጣ። «ጉልበቱ ጠፋ፣ ሲሞቅ ይቆማል» አለኝ። ፕሮፔለሩን በጣቴ ሳዞረው ምንም የሚገፋኝ ነገር የለም። እመቃው አልቋል። የኋላ ክዳኑን ፈታሁት። የማገናኛ ዘንጉን ታችኛ ጫፍ በጥፍሬ ያዝ አድርጌ ወደ ላይ ወደ ታች ሳንቀሳቅሰው ቀጭ ቀጭ አለ። ክቡ ቀዳዳ እንደ እንቁላል ሆኗል። ነሐሱ ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ተለውጧል። ፒስተኑን ሳወጣው በጭስ መውጫው በኩል ያለው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነው። ነዳጁን አሳየኝ ስለው ጀሪካኑን አመጣ። የሪሞት መኪና ነዳጅ ነበር፤ የዘይቱ መጠን 9 በመቶ። ናይትሮው 20 በመቶ ስለሆነ «ጠንካራ ነው» ብሎ ነው የገዛው።

የመኪና ነዳጅ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ለመኪና ነው። መኪናው ጋዝ ይሰጣል፣ ይለቃል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይሰጣል። አውሮፕላን ግን ሽቅብ ሲወጣ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ጋዝ ላይ ይቆያል፣ ጭነቱም አይለቀውም። ስለዚህ ከመደርደሪያ ላይ ስታነሳ ለምን ተብሎ የተዘጋጀ እንደሆነ አንብብ። ለአውሮፕላን የሚለውን ፈልግ። የዘይቱን መጠን የማይጽፍ አምራች ካጋጠመህ እኔ ብሆን አልገዛውም።

የቆዩት አብራሪ ስለ ጉሎ ዘይት የነገሩህ ግማሹ ፍጹም እውነት ነው። የጉሎ ዘይት አንድ ትልቅ ጸባይ አለው። ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ከመጠን በላይ ሲግል ቶሎ ተንኖ አይሄድም። እየወፈረ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ያችን መጥፎ ደቂቃ የሚያሻግርህ ይህ ነው። ሲንተቲክ ዘይት በተለመደው ሙቀት በጣም ጥሩ ያለሰልሳል፣ ሞተሩንም ንጹሕ ያደርገዋል። ግን ብዙዎቹ ዓይነቶች ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቀድመው ይለቃሉ። ጀማሪ ደግሞ መርፌውን ከልክ በላይ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ሌላው ግማሽ ግን የጉሎ ዘይትም ዋጋ ያስከፍላል። በሙቀት ወደ ቡናማ ቫርኒሽ ይለወጣል፣ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ላይ ይጋገራል። ለብዙ ወራት ከተቀመጠም ሞተሩን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ለአንተ ሞተር ድብልቁን ነው የምመርጠው፦ በጠቅላላው 18 ወይም 20 በመቶ ዘይት፣ ከዚያ ውስጥ ከአምስት አንድ እስከ ግማሽ ድረስ የጉሎ። ኩሽኔታ የሌላቸው፣ የብረት ፒስተን ያላቸው አሮጌ ሞተሮችና 0.8 ሲሲ አካባቢ ያሉት ጥቃቅኖች ግን ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ። ለነሱ 20 ከፍ ሲልም 25 በመቶ፣ ቢያንስ ግማሹ የጉሎ ይሁን። የቆዩት አብራሪ ምክራቸውን ያገኙት ከነዚህ ሞተሮች ይመስለኛል፣ ለነሱ ልክ ናቸው።

የመኪና ሞተር ዘይት ራስህ ገዝተህ እንዳትጨምር። የተለመደው የማዕድን ዘይት በሜታኖል ውስጥ አይሟሟም። ታንኩ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ሞተሩም አንዴ ሜታኖል ብቻ አንዴ ዘይት ብቻ ይጠጣል።

ናይትሮውን እንመልከት። ናይትሮሜቴን በውስጡ ኦክስጅን ይዞ የሚመጣ ፈሳሽ ነው። ለአንድ ግራሙ 1.7 ግራም አየር ብቻ ነው የሚበቃው። እንዲህ አስበው። ሞተርህ በአንድ ዙር የሚስበው አየር የተወሰነ ነው። በአንድ ኪሎ አየር 155 ግራም ያህል ሜታኖል ታቃጥላለህ። በዚያው ኪሎ አየር ግን ከናይትሮሜቴን 590 ግራም ገደማ ማቃጠል ትችላለህ። ናይትሮሜቴን በኪሎ ሲለካ የሚሰጠው ኃይል ከሜታኖል ያነሰ ነው። ነገር ግን በዚያው አየር ይህን ያህል ብዙ ስለሚቃጠል የሚወጣው ጠቅላላ ኃይል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የጉልበቱ ምስጢር ይህ ነው። ነዳጅ ቶሎ የሚያልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ናይትሮ ስትጨምር መርፌውን ትከፍታለህ፣ የበረራ ጊዜህም ያጥራል።

ለአንተ ግን ከጉልበቱ ይልቅ የሚጠቅምህ ሌላ ነገር ነው። ናይትሮ ሞተሩን በቀላሉ ያስነሳዋል፣ በሚኒሞም (በዝቅተኛው ዙር) ሳይጠፋ እንዲቆይ ይረዳዋል። ጀማሪ ለማረፍ ሲወርድ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ከጠፋበት ሁለተኛ ዕድል የለውም። 10 በመቶ ያልኩህ ለዚህ ነው። ከ5 ወደ 10 ስትሄድ ልዩነቱን በጆሮህ ትሰማዋለህ። ከ10 ወደ 15 ስትሄድ ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ለመለማመጃ አውሮፕላን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

25 በመቶ ሌላ ጣጣም ያመጣል። ናይትሮ ሲበዛ ነዳጁ ቀድሞ ይቀጣጠላል። ፒስተኑ ገና ሽቅብ እየወጣ ፍንዳታው ከላይ ይመታዋል። ድምፁን ታውቀዋለህ፤ ዘይት መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ ያለውን ይመስላል። የፕላጉ ሽቦ ይጣመማል ወይም ይበጠሳል፣ የማገናኛ ዘንጉም ይጎዳል። በብዙ ናይትሮ የሚበሩ ሰዎች ከሲሊንደሩ ራስ ስር ሽም የሚባል ቀጭን የብረት ቀለበት ጨምረው እመቃውን ይቀንሳሉ፣ ቀዝቃዛ የሚባለውን (ሽቦው ብዙ የማይግለውን) ፕላግ ይጠቀማሉ። ያንተ ሞተር ግን ከፋብሪካ የወጣው ለ5 እስከ 15 በመቶ ነው ብለህ ብታስብ አትሳሳትም። መመሪያው ካለህ እሱን ተከተል፤ ከኔም ከጓደኞችህም ይበልጣል።

«ናይትሮው ካነሰ ጉልበት የለውም» ለሚለው ጓደኛህ አንድ ነገር ንገረው። በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ኤፍ2ኤ የሚባል ምድብ አለ። በገመድ ታስረው ዙሪያውን የሚበሩ የፍጥነት ሞዴሎች ናቸው። ሞተራቸው 2.5 ሲሲ ነው፣ ያንተ ሲሶ። ነዳጃቸው 80 በመቶ ሜታኖል፣ 20 በመቶ ዘይት ነው፤ ናይትሮ የለበትም። በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይበራሉ።

መለያው ላይ ያለው ቁጥር በምን እንደተለካ ማየትም አትርሳ። አንዳንዱ በመጠን (በሊትር) ይጽፋል፣ አንዳንዱ በክብደት። ናይትሮሜቴን ከባድ ነው፤ ሊትሩ 1.14 ኪሎ ይመዝናል። የሜታኖል ሊትር 0.79 ኪሎ፣ የጉሎ ዘይት 0.96 ኪሎ ነው። በመጠን 10 ናይትሮ፣ 20 ዘይት፣ 70 ሜታኖል የሆነ ነዳጅ በክብደት ሲሰላ ናይትሮው 13 በመቶ፣ ዘይቱ 22 በመቶ ይሆናል። ያው ነዳጅ ነው፣ ቁጥሩ ነው የተለየው። ሁለት ጀሪካን ስታወዳድር ይህን ካላየህ ትሳሳታለህ። በሕግም ጉዳይ ይመጣል። በአውሮፓ ኅብረት በደንብ ቁጥር 2019/1148 መሠረት በክብደት ከ16 በመቶ በላይ ናይትሮሜቴን ያለበት ድብልቅ ለግለሰብ እንዲሁ አይሸጥም። ይህ በመጠን ሲቆጠር 12 በመቶ ገደማ ነው። ያንተ 10 በመቶ ከዚያ በታች ስለሆነ አያሳስብህም።

ሞተሩ ያገለገለ ስለሆነ ነዳጅ ከመጨመርህ በፊት ዓይነቱን ለይ። ፕላጉን ሳትፈታ ፕሮፔለሩን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚገፋህ እንደ ስፕሪንግ ለስለስ ብሎ ከሆነ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብብ ቀለበት) ያለው ፒስተን ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጭርጭር እያለ የሚነክስ ከሆነ ኤቢሲ የሚባለው ነው፦ አሉሚኒየም ፒስተን፣ የናስ ሲሊንደር፣ ውስጡ ክሮም የተቀባ። የዚህ ሲሊንደር ከላይ ጠበብ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሲሞቅ ናሱ ሰፋ ይልና ልክ ይመጣል። ስለዚህ ኤቢሲን ነዳጅ አብዝተህ ቀዝቃዛ አድርገህ ለረጅም ሰዓት ማሠራት ይጎዳዋል። ፋሻ ያለው ግን በመጀመሪያዎቹ ታንኮች ነዳጅ በዛ ቢልለት ይወዳል።

ጨርሶ አልዞር ካለህ ደግሞ በጉልበት አትታገለው። ብዙውን ጊዜ የደረቀ የጉሎ ዘይት ነው። ፕላጉን ፍታ፣ ጥቂት ጠብታ ቀላል ዘይት በቀዳዳው ጨምር፣ የሲሊንደሩን ዙሪያ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል። በፒንሳ የሚያዞሩ ሰዎች አይቻለሁ። የማገናኛ ዘንጉን አጣምመው ነው የሚጨርሱት።

ስለ አሮጌው ጀሪካን። ሜታኖል ውኃ ይወዳል። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይቀመጣል። ጀሪካኑ ግማሽ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያብሳል፣ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ በእርጥብ አየር የተሞላ ነው። ውኃው በዓይን አይታይም፣ ከሜታኖሉ ጋር ይዋሐዳል። የምታውቀው በባሕርዩ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ይሮጣል አንዴ ይሰንፋል፣ መርፌውን ብታዞር ብታዞር አንድ ቦታ አይጸናም፣ ፕላጉ ያለ ምክንያት ይቀዘቅዛል። አንድ ጀማሪ ይህን ሲያይ ካርቡራቶሩን ይፈታል፣ ታንኩን ይቀይራል፣ ሦስት ፕላግ ይገዛል። ሙሉ ቀን ይሄድበታል። የጀሪካኑን ታሪክ ስለማታውቅ ደግሞ ዘይቱ ስንት በመቶ እንደነበረም አታውቅም። ናይትሮም በፀሐይ ብርሃን ይበላሻል። ቀለሙን አይተህ አትፍረድ፣ ቀለም አምራቹ ለመለያ የሚጨምረው ነው። ስታስወግደው መሬት ላይም ሆነ ፍሳሽ ውስጥ አታፍስሰው። አደገኛ ፈሳሽ የሚቀበል ቦታ ስጠው። አዲሱን ስትገዛም በሁለት በሦስት ወር የምትጨርሰውን ያህል ግዛ። ክዳኑን አጥብቀህ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጥ።

ነዳጁን ከያዝክ ሞተሩን ከሱ ጋር ማስማማት አለብህ። ለ10 በመቶ ናይትሮ መካከለኛ ወይም ሞቅ ያለ የሚባለውን ፕላግ ግጠም። መርፌውን መመሪያው ባለው ልክ ክፈት፤ መመሪያ ከሌለህ ከተዘጋበት ሁለት ዙር ተኩል አካባቢ ጀምር። ካስነሳህ በኋላ ባትሪውን ነቅለህ ሙሉ ጋዝ ስጠው። ከጭስ መውጫው ነጭ የዘይት ጭስ መታየት አለበት። አሁን ከፕሮፔለሩ ኋላ ቆመህ የነዳጁን ቱቦ በሁለት ጣትህ ለአፍታ ጨብጠህ ልቀቅ። ዙሩ ከፍ ብሎ ከተመለሰ ገና ነዳጅ በዝቶበታል፤ መርፌውን ጥቂት ዝጋ። ወዲያው ከወረደ ነዳጅ አንሶታል፤ ክፈት። ከፍተኛውን ዙር ካገኘህ በኋላ እዚያ አትተወው። ከ200 እስከ 400 ዙር እስኪቀንስ ድረስ መልሰህ ክፈት። ከዚያ አንድ ሰው አውሮፕላኑን ይያዝልህና አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጉት። ሽቅብ ሲሆን ነዳጁ ከታንኩ ወደ ላይ መውጣት ስላለበት ይቀንሳል። ድምፁ ትንሽ ከጠራ ደህና ነው። ከደከመ ወይም ከጠፋ ገና አንሶታል፣ ክፈትለት። መሬት ላይ ጥሩ ይመስል የነበረ ሞተር ከተነሳ በኋላ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍ ወዳለ አገር ይዘኸው ከሄድክ መርፌውን እንደገና ተመልከት። አየሩ በየ1000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ያው መርፌ ነዳጅ ያበዛበታል። ትንሽ ትዘጋለህ።

የዕለቱን በረራ ስትጨርስ የታንኩን ነዳጅ አውጣ። ከዚያ የነዳጁን ቱቦ ነቅለህ ሞተሩ የቀረውን አቃጥሎ እስኪጠፋ አሠራው። ሜታኖል የሳበው ውኃና ከናይትሮው ቃጠሎ የሚቀረው አሲድ ኩሽኔታውን በአንድ ክረምት ያዝጉታል። ጥቂት ጠብታ የመከላከያ ዘይት በፕላጉ ቀዳዳና በካርቡራቶሩ ጨምረህ ፕሮፔለሩን ደጋግመህ አዙር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እባክህ ይህን ደግሞ በቁም ነገር ያዘው። ሜታኖል መርዝ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ያህል መዋጥ ዓይን ሊያሳውር ይችላል፣ ትንሽ ሲጨመርበት ይገድላል። ምልክቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ቢውጠው «ደህና ነኝ» ሲል አትስማው፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰደው። ነዳጅ በአፍህ ስበህ በቱቦ አታውርድ፤ የእጅ ፓምፕ ተጠቀም። በቆዳም ይገባል፣ ስለዚህ እጅህ ላይ ከፈሰሰ ታጠብ። በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አታስቀምጥ፤ ልጅ አንስቶ ሊጠጣው ይችላል። ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ክንፉ ላይ ፈስሶ ቢቀጣጠል የምታየው አየሩ ሲንቀጠቀጥና ቀለሙ ሲጨማደድ ነው። የእሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር።

ቤንዚኑ ልብህ ውስጥ ከቀረ መፍትሔው ሌላ ሞተር ነው። በካንዴላ የሚሠሩ የቤንዚን ሞተሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ከ20 ሲሲ በላይ ናቸው፣ አሁን አሁን ግን ከ10 ሲሲ ጀምሮ ይገኛሉ። ለነሱ ቤንዚኑን ከጥሩ ቱ ስትሮክ ዘይት ጋር ከ30 ለ1 እስከ 50 ለ1 ቀላቅለህ ትጠቀማለህ። ቱቦውና የታንኩ ጎማ ቤንዚን የሚችል መሆን አለበት። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሆነ የካርቡራቶሩን ስስ ጎማ ቀስ በቀስ ያደርቀዋልና ካርቡራቶሩ ውስጥ ትተኸው አትክረም። ትልልቅ አውሮፕላን ለሚያበርና በየሳምንቱ ብዙ ለሚበር ሰው ዋጋው በእርግጥ ይረክሳል። ለአንተ መለማመጃ ግን ይከብዳል። ሞዴል ዲዝል የሚባልም አለ፤ ኤተር፣ ነጭ ጋዝና የጉሎ ዘይት ጠጥቶ በእመቃ ብቻ የሚቀጣጠል። በጣም ደስ የሚል ሞተር ነው፣ እሱን ሌላ ቀን ስትጠይቀኝ በሰፊው እናወራዋለን።

አሁን አዲሱን ነዳጅ ቀድተህ የመጀመሪያውን ታንክ ስትጨርስ አንድ ነገር አድርግልኝ። በጭስ መውጫው በኩል ያለውን ክንፍ በነጭ ሶፍት ጥረገው። ሶፍቱ ላይ የሚቀረው ዘይት የጠራ ወይም ቀለል ያለ የማር ቀለም ያለው ከሆነ ሞተርህ ደህና ነው፣ ብረር። ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ብረት እየተፋቀ ነው ወይም መርፌው ከልክ በላይ ተዘግቷል። ያኔ ሁለተኛውን ታንክ ሳትቀዳ መርፌውን ሩብ ዙር ክፈት፣ የሶፍቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።